አራተኛው ቃሪያ

«አራተኛውንም ቆረጠችው!» አሉ ሽማግሌው አማቷ፣ በረንዳው ላይ ቆመው፣ ስልኩን እንደ ማይክራፎን ከአፋቸው ፊት ይዘው። «ዛሬ ጠዋት! ገና ፊቴን ሳልታጠብ! ... ታውቃለች እንጂ፣ እንዴት አታውቅም? ይሄን የማያውቅ ሰው አለ?» ምራታቸው ከበረንዳው በር ጀርባ፣ ወጥ ቤት ውስጥ፣ በአንድ እጇ አራተኛውን ቃሪያ በሌላው ቢላዋውን እንደያዘች ክው ብላ ቀረች። የሰው ወሬ ማድመጥ ልማዷ አልነበረም። ሰውየው ግን ሠላሳ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ በሞተር ጩኸት ላይ መናገር ስለለመዱ፣ ምስጢራቸውን እንኳ የሚያወሩት የኋላ ወንበር ላይ ለተቀመጠ ተሳፋሪ ነው። «ነገ ጠዋት መኪናሽን ይዘሽ ነይ» አሏት ልጃቸውን። «አይ፣ ማንም ክፉ አልተናገረኝም። ባይናገሩኝም ይገባኛል። የኔ የምላት አንዲት ነገር ለወግ ስትደርስ እንዳላይ የማይፈለግበት ቤት ምን እሠራለሁ? ሻንጣዬ ትንሽ ናት። በይ ቻው።»

ነገሩ እንግዲህ የቃሪያ ነው። ያ ቀጭኑና የሚያቃጥለው ሳይሆን፣ እንደ ጡጫ የሚያብጠውና ውስጡ ባዶ የሆነው ጣፋጩ ቃሪያ፤ ሰውየው «ቦርጬ» የሚል ስም አውጥተውለታል። የተተከለበትን ነጭ የቀለም ባልዲ ከሥራ ቦታዋ ያመጣችላቸው ራሷ ነች፤ ውሃ እንዲያሳልፍ ቂጡን በምስማር የበሳሳችውም እሷ ነች። አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ልብስ ከሚሰጣበት ገመድ ሥር፣ ፀሐይ በዞረች ቁጥር ባልዲውን እያዞሩ፣ ውሃውን በሻይ ብርጭቆ እየለኩ ሲንከባከቡት ከርመው አራት ፍሬ ያዘላቸው። የመጀመሪያው ጠብደል ሲል ቆረጠችና በሽንኩርትና በእንቁላል ሠርታ «በገዛ እጅዎ ያበቀሉት ነው፣ አባባ» ብላ አቀረበችላቸው። ሳህኑን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ቀና ሳይሉ በልተው ጨረሱና «እጅሽ ይባረክ» ብለው ወደ ክፍላቸው ገቡ። ሁለተኛውም ሦስተኛውም እንደዚያው ሆነ። ሰው የዘራውን ሲቀምስ ሆዱ ይባባል ብላ ዝምታቸውን በበጎ ተረጎመችው። አራተኛውን ለእሁድ ልታቆየው ነበር። ዛሬ ጎህ ሲቀድ ልብስ ልትሰበስብ ስትወጣ ግን ትከሻው ላይ ቡናማ ነገር አየችበት፤ የተመታ ቦታ ይመስላል። ሳይበሰብስ ልድረስለት ብላ ቆረጠችው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እሷ ግን ማፍሰሷን እንኳ ገና አላወቀችም።

ቃሪያ ካልተቆረጠ ምን ሊደረግ ይተከላል? ይህን ስታወጣ ስታወርድ ቢላዋውን ቀስ ብላ መሳቢያ ውስጥ መለሰችው። ቃሪያውን ግን የት ታድርገው? ሳህን ላይ ብትተወው ጥፋት ነው፣ ቆሻሻ ውስጥ ብትጥለው የባሰ ጥፋት ነው። በሶፍት ጠቅልላ የእጅ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፣ ከማበጠሪያዋና ከቁልፎቿ ጋር።

ባሏን ኮሪደሩ ላይ ጫማውን ሲያስር ያዘችው። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ሽቦ አይፈራም፣ አባቱና ሚስቱ በአንድ ጉዳይ ሲገናኙ ግን ይፈራል። «አባባ ነገ ሊሄዱ ነው» አለችው በሹክሹክታ። «የት?» «እህትህ ጋ። ቃሪያ ቆረጥሽብኝ ብለው።» ጫማውን አስሮ ሳይጨርስ ቀና አለ። «አባባ በቃሪያ አይቀየምም። ሌላ ነገር ይሆናል።» «ምን ሌላ ነገር?» «እኔ ምን አውቃለሁ? አንቺው ጠይቂዋ።» «አባትህ ናቸው እኮ!» «ለዚህ እኮ ነው የማልጠይቀው» አለና አንዱን ክር እየጎተተ በሩን ዘግቶ ወረደ። እንዲህ ነው እንግዲህ ቤቱ። በዚያ ቤት ሆድ ያለው ነገር በአፍ አይወጣም፣ በዕቃ ነው የሚወጣው። ባል ሲያጠፋ አምፖል ይቀይራል። ሚስት ስትከፋ የታጠበ ሳህን ደግማ ታጥባለች። ሽማግሌው ደስ ሲላቸው የደረጃውን እጀታ ከአራተኛ ፎቅ እስከ ምድር ቤት ይወለውላሉ፤ ጎረቤቱ ሁሉ የደስታቸውን ቀን በመዳፉ ያውቃል። ሰሞኑን እጀታው አቧራ ይዟል።

ሚስታቸው ከሞቱ ጀምሮ ነው እነሱ ቤት የገቡት። መጀመሪያ የፈራችው እሷ ነበረች፤ አማትና ምራት በአንድ ኮሪደር ሲተላለፉ ምን ይባባላሉ ብላ። ሰውየው ግን ከገቡ ወዲህ ቤቱ ሰው ሰው አለ። እርምጃዋን ስለሚለዩ በሩን ሳታንኳኳ ይከፍቱላታል፤ ካገባች ስንት ዓመቷ፣ ዛሬም «ሙሽራዬ» ነው የሚሏት። ከዚያ እጇን ገልብጠው ያዩና ጥፍሯ ሥር የቀረውን ቀለም መርምረው «ዛሬ ደግሞ በሰማያዊ ዋልሽ» ይላሉ። አይስቱም። አንድ ቀን ሆን ብላ እጇን ፈትጋ ታጥባ መጣች፤ ክርኗ ላይ የቀረች ነጠብጣብ አግኝተው «የትምህርት ቤት በር ነው፣ ጥቁር አረንጓዴ» አሏት። አባቷን በልጅነቷ ያጣች ሴት ነች፤ ማታ ማታ እጇን ገልብጦ የሚያይላት ሰው መኖሩ ምን ያህል እንደሚያስደስታት ለማንም ተናግራ አታውቅም። ካለፉት ሳምንታት ወዲህ እጇን አላዩም። እሷም ደክሟቸው ይሆናል ብላ አለፈችው። ነገ ከሄዱ ደግሞ የባሏ እህት ልክ ልትሆን ነው፤ ያቺ በሠርጉ ማግሥት «የልጅቷ ሥራ ቀለም ነው፣ የሆዷ ቀለም ግን ምን እንደሆነ እንጃ» ያለችው።

ቀለም ቤቱ ገና መከፈቱ ነበር። እዚያ ሥራዋ ቅመማ ነው። ደንበኛው የመጋረጃ ቁራጭ፣ የተሰበረ ሸክላ፣ አንዳንዴም የሚስቱን ቀሚስ ይዞ ይመጣና «ይሄን አድርጊልኝ» ይላል፤ እሷ ነጩን ቆርቆሮ ከፍታ ጠብታ በጠብታ እየጨመረች፣ በማንኪያ እያማሰለች፣ በወፍራም ወረቀት ላይ ቀብታ በር ላይ ትወጣለች። እርጥብ ቀለም ይዋሻል። እስኪደርቅ ጠብቆ በቀን ብርሃን ካላዩት ሰው ያታልላል፤ ይህን አዲስ ለሚቀጠር ሁሉ የምታስተምረው እሷ ነች። ዛሬ ግን ሁለት ጊዜ ሳይደርቅ አስረከበችና ሁለቱም ተመለሱባት። ሂሳብ ተቀባይዋ፣ አፏ የማያርፍ ደግ ሴት፣ ከመስታወቷ ጀርባ «ምን ሆነሻል?» አለቻት። ነገረቻት። «አማት ሄደ ተብሎ ይለቀሳል እንዴ?» አለች ሂሳብ ተቀባይዋ። «የኔዋ ነገ እሄዳለሁ ቢሉኝ ሻንጣቸውን የምሸከመው እኔ ነኝ፤ እስከ ጣቢያው በሩጫ!» «የኔ ይለያሉ» አለች። ስትለው ፊቷን ወደ ቆርቆሮዎቹ ስላዞረች ሂሳብ ተቀባይዋ ቀልዷን ዋጥ አድርጋ፣ ከምሳ ዕቃዋ ላይ አንድ ቁራሽ ዳቦ አቀበለቻት።

ከሰዓት በኋላ አንድ ባለ ምግብ ቤት መጣ። ደልደል ያለ፣ ላብ የማይለየው፣ ሲናገር እጁ የማያርፍ ሰው ነው። ከላስቲክ ከረጢት ውስጥ ሦስት ቦርጫም ቃሪያዎች አውጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ ደረደረላት፤ አንድ አረንጓዴ፣ አንድ ቢጫ፣ አንድ ቀይ። «ሦስት ግድግዳ አለኝ» አላት፤ «ግድግዳዎቼን እነዚህን አድርጊልኝ።» ከቃሪያ ሸሽታ ወጥታ ቃሪያ ሥራዋ ድረስ ተከትሏት መጣ። አረንጓዴውን ቀመመች፤ ቀላል ነበር። ቢጫው ትንሽ ነጭ ፈለገና አስቸገራት። ቀዩን ይዛ በር ላይ ስትወጣና በፀሐይ ስትገለብጠው፣ ግንዱ ከተቆረጠበት አጠገብ አውራ ጣት የምታህል ቡናማ ሰረዝ አየች፤ ከሰረዟ ጠርዝ ደግሞ ስስ አረንጓዴ። ቀጥ ብላ ቆመች። ያንኑ ቡናማ ዛሬ ጎህ ሲቀድ አይታዋለች።

«ይሄኛው እኮ ተበላሽቶብዎታል» አለችው።

«የቱ ጋ? ... እህ፣ እሱማ ብልሽት አይደለም። እሱ መንገድ ላይ ያለው ነው።»

«የምን መንገድ?»

«ከአረንጓዴ ወደ ቀይ ነዋ! ገበሬው ትንሽ ቢታገሥ ኖሮ እሱም ይቀላ ነበር።» ፊቷን አየና ጉዳዩ ጣመው፤ ሰው የሚያውቀውን ሲጠየቅ ደስ ይለዋል። «ሦስቱም ሲወለዱ አረንጓዴ ናቸው፣ እህቴ። ተክሉ ላይ ሲቆዩ እንደየዘራቸው አንዱ ቢጫ ላይ ይቆማል፣ ሌላው ይቀላል። ቀዩ በእጥፍ የሚሸጠው ለምን ይመስልሻል? ብዙ ስለሚቆይ ነው። እስኪቀላ ድረስ ከወፍ፣ ከትልና ከችኩል እጅ መትረፍ አለበት።»

ችኩል እጇን አየችው። ቀጭኑ ቃሪያ ሲሰነብት እንደሚቀላ ታውቃለች፤ ይህንን ማንም ያውቃል፤ ለዚህ ነው ሽማግሌው «እንዴት አታውቅም» ያሉት። ቦርጫሙ ግን በእሷ ዘንድ ሌላ ፍጥረት ነበር። ገበያ ላይ የምታየው በሦስት ሣጥን፣ በሦስት ዋጋ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቀለም በቁጥር ለሚሸጥ ሰው ሦስት ሣጥን ማለት ሦስት ዕቃ ማለት ነው። አረንጓዴ ቆርቆሮ መደርደሪያ ላይ ስለቆየ አይቀላም። የሚያናድደው ደግሞ ቡናማው ነው። አረንጓዴ ላይ ቀይ ጠብ ሲደረግበት መጀመሪያ የሚወጣው ቡናማ መሆኑን በዚያ ሰፈር ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። በየቀኑ በማንኪያ የምታማስለውን ነገር ተክል ላይ ብታየው ብስባሽ አለችው። እና ሦስት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ሙሉ፣ የሽማግሌውን ተስፋ በሽንኩርት ጠብሳ፣ ፈገግ ብላ «ይብሉ፣ አባባ» ብላቸዋለች። ሳቋ መጣ፣ እንባዋም አብሮ መጣ፣ የትኛውን እንደምታስቀድም ግራ ገባት።

ቦርሳዋን ከፍታ በሶፍት የተጠቀለለውን አውጥታ ከቀዩ አጠገብ አስቀመጠችው። ባለ ምግብ ቤቱ አነሳው፣ ትከሻውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። «ማነው ይሄን የቆረጠው?» «አንዲት ችኩል ሴት» አለች። አየት አደረጋትና ነገሩ ገባው መሰለኝ ጥያቄውን አልቀጠለም። «ግድ የለም፣ ጀምሯል» አላት። «ምንም ያልጀመረ ቢሆን አረንጓዴ እንደሆነ ይጨማደድ ነበር። ይሄ ግን ጀምሯል፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ እንዳትከቺው ብቻ። ሞቅ ያለ ቦታ፣ ከቲማቲም ጎን አድርጊው፤ ቀስ ብሎ ይጨርሳል።» ቀለሙን ተቀብሎ ሲወጣ ቀዩን ቃሪያ ትቶላት ሄደ። «ለችኩሏ ሴት ስጪልኝ» አለ ከበር ላይ።

መንገዱን ሁሉ የምትናገረውን ስታዘጋጅ ሄደች። አውቶቡሱ ውስጥ ቆማ «አባባ፣ አላወቅኩም ነበር» የሚለውን ደጋግማ ስታነበንብ አጠገቧ የቆመች ሴትዮ ቦርሳዋን ወደ ደረቷ ሳብ አደረገች። ቤት ስትደርስ በሩን የከፈተላት ሰው የለም፤ ሰውየው ታች አግዳሚው ላይ ከጡረተኛ ጓደኞቻቸው ጋር ናቸው። ከበሩ ጀርባ ግን ሻንጣው ቆሟል፤ ዚፑ ስለማይዘጋ በአሮጌ የሱሪ ቀበቶ ታስሯል። ያን ቀበቶ ስታይ ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት። ዛሬ ማታ ካልተናገረች ነገ ጠዋት መኪናው ይመጣል። እዚያው ቆማ እያለች ባሏ ገባ። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገረችው፤ ቀዩንም አሳየችው። «እና ምን ይሁን?» አለ። «ናስትሮ አለህ?» አለችው። ሽቦ የሚጠቀልልበት አረንጓዴ ናስትሮ ከኪሱ አይጠፋም። ሰው ሲጨንቀው የማያደርገው የለም፤ ባልና ሚስት በረንዳው ላይ ተንበርክከው፣ እሱ በባለሙያ እጅ እየጠቀለለ፣ እሷ ቅጠል ቀና እያደረገችለት፣ የምግብ ቤቱን ቀይ ቃሪያ ባዶው ግንድ ላይ አሰሩት። ማታለል አልነበረም፤ ሽማግሌው ጠዋት ባዶውን አይተውታል። ይቅርታ ነበር፣ በቤቱ ወግ መሠረት በዕቃ የተነገረ።

ሰውየው ሲገቡ «ደህና ዋላችሁ» አሉ እንጂ እጇን አላዩም። የሻይ ብርጭቆውን ውሃ ሞልተው፣ ለመጨረሻ ጊዜ ሊያጠጡት መሆኑ ነው፣ ወደ በረንዳው ወጡ። ባሏ ወንበር ላይ ወጥቶ ምንም ያልሆነ አምፖል መፍታት ጀመረ። እሷ የታጠበ ሳህን አንስታ ማጠብ ቀጠለች። ከበረንዳው ምንም ድምፅ አይመጣም። ቆየ፣ በጣም ቆየ፣ ሳህኑ ሊሟሟ ደረሰ።

«ሙሽራዬ!»

እጇን ሳታደርቅ ወጣች። ሰውየው ባልዲው ላይ አጎንብሰው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አውጥተው ቀዩን በቅርብ ይመረምሩታል። «ይሄ ልጅ ከየት መጣ?» አሉ። «ጠዋት አልነበረም። ማታ ቀልቶ፣ በናስትሮ ታስሮ፣ ጎርምሶ አገኘሁት።» ከዚያ ቃሪያውን ቀስ ብለው አዞሩት። ከጀርባው የገበያው ስቲከር፣ ቁጥሩ እንደተጻፈበት፣ ቁጭ ብሏል። ባልም ሚስትም አላዩትም ነበር። «ደግሞ» አሉ ሹፌሩ «ታርጋ አለው።»

«አላወቅኩም፣ አባባ» አለች። ያዘጋጀችው ይህቺ ብቻ ቀርታ ነበር። «እንደሚቀላ አላወቅኩም። ሦስት ዓይነት ቃሪያ ይመስለኝ ነበር። አራተኛውንም የበሰበሰ መስሎኝ ነው።»

ቀና ብለው አዩዋት። «የቀለም ሠራተኛ ሆነሽ?»

«የቀለም ሠራተኛ ስለሆንኩ ነዋ! እኛ ጋ አረንጓዴ ስንት ዓመት ቢቀመጥ አረንጓዴ ነው!»

መጀመሪያ ትከሻቸው ነው የሳቀው። ከዚያ ሆዳቸው፣ ከዚያ ያ የአውቶቡስ ድምፃቸው፤ ውስጥ ወንበር ላይ ያለው ልጃቸው ደንግጦ አምፖሉን ሊጥለው ነበር። እሷም ሳቀች፤ እንባዋም ሳይጠራ መጣና በእርጥብ እጇ ስትጠርገው ፊቷ ሁሉ ሳሙና ሆነ። «ለምን አልነገሩኝም?» አለቻቸው። «ምን ብዬ?» አሉ። «ደስ ብሎሽ ሠርተሽ፣ ደስ ብሎሽ አቅርበሽ! እያወቅሽ መስሎኝ ከፋኝ እንጂ የቀረበ ነገር እንዴት ይመለሳል? ደግሞ አሁን ልንገርሽ፣ ቦርጬ ከልጅነቴ ጀምሮ አልወድም። ጠረኑ አይስማማኝም።» «እንዴ፣ ሦስቱንም ጨርሰው በሉት እኮ!» «አንቺ አጠገቤ ቆመሽ እያየሽኝ!» «ታዲያ ካልወደዱት ለምን ተከሉት?»

ሰውየው የሻይ ብርጭቆውን ውሃ ባልዲው ውስጥ ቀስ ብለው አፈሰሱት። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ መንገድ ላይ ቀይ መብራት በበራብኝ ቁጥር ስራገም ኖርኩ» አሉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር የተናገሩት። «ከኋላ ተሳፋሪው ያጣድፈኛል፣ ፊት ለፊት ቀዩ ያፈጥብኛል። ጡረታ ስወጣ አንዴ እንኳ ሳልጣደፍ ተቀምጬ ቀይ ልጠብቅ ብዬ ነው። ባለቤቴ ብትኖር አብራኝ ትጠብቅ ነበር። ሌላ ምንም አይደለም።»

አራተኛውን ከቦርሳዋ አምጥታ መዳፋቸው ላይ አኖረችው። ቡናማው ከጠዋቱ ይልቅ ሰፋ ብሏል፣ ወይም ለእሷ እንደዚያ መሰላት። «አላለቀለትም» አለች፤ የባለ ምግብ ቤቱን ቃል ሳታጎድል ነገረቻቸው። ሰውየው ቃሪያውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ወጥ ቤት ገቡ፤ ከምድጃው በላይ ባለው መስኮት ላይ ቲማቲሞቹን ገፋ ገፋ አድርገው ቦታ ሠሩለትና ቡናማውን ወደ ብርሃኑ አዞሩት። ከዚያ ዘወር ብለው የምራታቸውን እጅ ያዙና ገለበጡት። ጥፍሯን አንድ በአንድ አዩ። «ዛሬ ደግሞ» አሉ «በሦስቱም ዋልሽ።» ራሷን ነቅንቃ አዎ አለች።

ስልኩ ጮኸ። ልጃቸው ናት፤ ነገ በስንት ሰዓት ልምጣ ልትል ነው። ሰውየው ስልኩን ከአፋቸው ፊት ይዘው ሻንጣው ወደቆመበት ወደ በሩ ሄዱ፤ አራቱም ፎቅ እንዲሰማ ሆኖ ድምፃቸው ተመልሶ መጣ። «አይ፣ ነገ አትምጪ። ... ኧረ ደህና ነኝ። ቀይ ሊበራብኝ ስለሆነ ቆሜያለሁ።» ከወዲያ በኩል የሴትየዋ ድንጋጤ እስከ ወጥ ቤቱ ድረስ ተሰማ፦ «ምን? መኪና ይዘህ ነው? አባባ፣ የት ነው ያለኸው?»

ሽማግሌው የሻንጣውን ቀበቶ ሊፈቱት በእግራቸው ፈለጉት። አላገኙትም፤ ልጃቸው ከወንበሩ ወርዶ ፈትቶታል።

«ቤቴ» አሉ። «ቤቴ ነኝ።»